ጃንጥላዬና የቀሲስ ምናሴ ማመልከቻ

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ጃንጥላዬ እስካሁን አልተመለሰም። ሁለት ሳምንት ሞላው። ዛሬ ማርያም ናት፤ ልደታ ተሳልሜ ስመለስ ዝናቡ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ላይ ያዘኝና ቤት ገብቼ ነጠላዬን ስጨምቀው ባልዲ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ጃንጥላው ጥቁር ነው። የእንጨት እጀታው ላይ በነጭ ቀለም በገዛ እጄ ጽፌበታለሁ፦ «የደምሴ ነው። ዝናቡ ሲያባራ መልስ።» ከሥሩ ሰፈሬና የቤት ቁጥሬ አለ። እንዲህ በግልጽ ተጽፎበት የማይመለስ ዕቃ የእኔ ብቻ ነው።

የወሰደው ሌባ ቢሆን ባልከፋኝ። ሌባ ቢያንስ ይሰወራል። የወሰደው ቄስ ነው፤ የእህቴ ልጅ፣ ቀሲስ ምናሴ። በየቀኑ በደጄ ያልፋል፣ ይባርከኛል፣ ጃንጥላ ግን የለም። ቤት ውስጥ አንተ እለዋለሁ። ጥምጥሙን አስሮ መንገድ ላይ ካገኘሁት ደግሞ ሰው እያየ ጎንበስ ብዬ መስቀሉን ስሜ «እንደምን ዋሉ አባታችን» እላለሁ። ፊቱ ቲማቲም ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ጃንጥላዬን ሊመልስ መስሎኝ ተነሳሁ። እጁ ባዶ ነው።

«ጃንጥላዬስ?»

«ረሳሁት ጋሼ።»

«የት?»

«አንድ ቤት በር ላይ ይመስለኛል።»

«የማን ቤት?»

ዝም አለ። ቄስ ዝም ካለ ማስለፍለፍ አይቻልም፤ ተምሮበታል። ከዚያ ቁጭ ብሎ፣ «ማመልከቻ እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት» አለኝ።

ማመልከቻ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ከጽሕፈት መኪናዬ ፊት የተቀመጠው ሕዝብ ነው። የውርስ፣ የአጥር፣ የፍቺ፣ የቀለብ። አሁን ዓይኔ ስለደከመ ቤቴ ሆኜ ለጎረቤት እጽፋለሁ። ለቄስ ግን ጽፌ አላውቅም።

«ለማን ነው?»

«ለደብሩ አስተዳዳሪ። ከአገልግሎት ልሰናበት። ፍልሰታ ሳይገባ፣ በሚቀጥለው ሰኞ አስገባዋለሁ። አንድ መጋዘን ውስጥ የንብረት ሥራ አግኝቻለሁ።»

እንደ ልማዴ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ልጅ ሆኖ ሲስቅ እንባው የሚፈስ ነበር።

«ምክንያት?»

«አልቻልኩበትም ጋሼ። አሥራ አንድ ዓመት ሞከርኩ። አደራ የተሰጠኝን ሰው ሁሉ በተንኩት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን የነፍስ አባት የነበሩት ሽማግሌ ቄስ ሲያርፉ የነፍስ ልጆቻቸውን ቤተሰብ በቤተሰብ ለምናሴ አስረከቡት። ከዚያ ከእኛ ጥቂት ቤቶች በስተቀር ሰፈሩ ፈረሰ። ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ተበተነ፤ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ። ልጁ በታክሲና በእግር ሁሉንም እየዞረ ይጠይቃል። የተበተነው በእሱ ምክንያት ይመስለዋል።

ምን ብዬ ልከልክለው? የሥራ ፊቴን አወጣሁ። «ምክንያት ያለ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም» አልኩት። «ያልቻልክበትን አንድ በአንድ ጻፍና አምጣ። ተራ ቁጥር ይኑረው።»

የዋህ ነው፤ አመነኝ። አንድ ቀን ቀጠሮ አገኘሁ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ዝርዝሩን አመጣ። የቆሎ ትምህርት ቤት የእጅ ጽሑፍ፣ ፊደሉ እንደ ዲያቆናት ተሰልፏል። የማንንም ስም አልጻፈም። «የነፍስ ልጅ ስም አይጻፍም» አለኝ። እኔ ግን እዚህ ሰፈር ውስጥ የማላውቀው ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። እንዳለ ልገልብጠው፦

1. አንዲት እናት። ጀሞ ከገቡ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ውስጥ የእግር ድምፅ ይሰማኛል፤ ስጠራቸው ዝም ይላሉ። አልከፈቱልኝም።

2. በዐቢይ ጾም አንድ እሁድ ላስተምር ቆሜ ቃል ጠፋኝ። ሳልጨርስ ተቀመጥኩ።

3. አንድ ባልና ሚስት። ሁለት ዓመት አስታረቅኋቸው። ተፋቱ።

4. አንድ ሰው፣ በገዛ አፌ ያባረርኩት።

5. አንድ የቅርብ ዘመዴ። አሥራ አንድ ዓመት የነፍስ አባቱ ስሆን አንድ ቀን ንስሐ ገብቶ አያውቅም። በቀልድ ያልፈኛል።

አምስተኛውን ሳነብ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው!» ብዬ ጮህኩ። ምናሴ ጣሪያውን ያያል። ዘመዶቻችንን በጣቴ ቆጠርኩ። የአክስቱን ልጅ ጠረጠርኩ፤ ለካ እሱ ሻሸመኔ ነው ያለው። ከዚያ ገባኝ።

ከሄደ በኋላም ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ስንት ሰው ተከሳሽ ሆኖ ፊቴ ሲቀመጥ አይቻለሁ። የራሴን ስም በተራ ቁጥር ያየሁት ዛሬ ነው።

ፍርድ ቤት ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። ይህ ልጅ በራሱ ላይ የፈረደው በር የዘጉበትን ሰዎች ሳይሰማ ነው። እኔ እሰማለሁ። ነገ ጀሞ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ጉልበቴ! አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ያለ ጃንጥላ ሄጄ ያለ ጃንጥላ ተመለስኩ፤ ይመዝገብልኝ።

ቁጥር አንድ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ድሮ ከቤታችን ሦስተኛው በር የእሳቸው ነበር። አንኳኳሁ። የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣና በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጸጥ። ድምፄን ጎርነን አድርጌ «ቆጣሪ ላነብ ነው!» አልኩ። ወዲያው ተከፈተ።

«አንተ ደምሴ! ሞት ይርሳህ! አሁንም አልተውክም?»

«እትዬ፣ ለቆጣሪ ከፍተው ለቄስ የሚዘጉት ለምንድን ነው?»

ሳቃቸው ጠፋ። ወደ ውስጥ አስገቡኝና «እስቲ ቤቱን እየው» አሉኝ። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ዱካ፣ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች የማርያም ሥዕል። ልጃቸው ታሞ ከሥራ ከወጣ ወዲህ ዕቃው አንድ በአንድ አልቋል።

«ድሮ ለሚካኤል ዝክር እሱን የት ነበር የማስቀምጠው? ምን ነበር የማቀርብለት? አሁን የነፍስ አባቴን ዱካ ላይ አስቀምጬ ውሃ ላጠጣው?»

«ውሃ ይጠላል ያለዎት ማነው?»

«አፍሬ ነው ደምሴ። ሌላ አይደለም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሩ ጀርባ ቆሜ እሰማዋለሁ። ሲያንኳኳ ሲያንኳኳ ሲደክመው እዚያው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጸልይልናል፤ ስማችንን እየጠራ፣ የልጄንም የኔንም። እኔ ከውስጥ አሜን እላለሁ። እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ።»

ሦስት ጊዜ ሄዶ፣ ከመዝጊያ ጋር ተፋጦ፣ ጸልዮ ተመልሷል። ይህን ዝርዝሩ ላይ አልጻፈውም። የጻፈው አለመከፈቱን ብቻ ነው።

ስወጣ «ድጋሚ ከመጣ ይከፍታሉ?» አልኳቸው። «ውሃ ብቻ ነው ያለኝ በለው» አሉ። ይህን እንደ «እከፍታለሁ» ቆጥሬ መዝግቤዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ቁጥር ሁለት። ያን እሁድ የነበረ ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ ግርማ ሰፊው ከቅዳሴ አይቀርም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ከበሩ ላይ ማሽኑን አውጥቶ ይሰፋል። የማይጠገን ሱሪ ይዤ ሄድኩ፣ ምክንያት እንዲሆነኝ።

«ግርማ፣ ያን ቀሲስ ምናሴ ትምህርት የጠፋባቸውን ቀን ታስታውሳለህ? ምን ዓይነት ውርደት ነበር!»

ማሽኑን አቆመ። በጣም ተቆጣ። «ጋሽ ደምሴ፣ እድሜዎትን አከብራለሁ፣ ግን በዚያ ቀን እንዳይቀልዱ።»

ደስ አለኝ። እሱ ቀጠለ።

«ባለቤቴን ቀብሬ ወር አልሞላኝም ነበር። ማሽኑን አልከፍትም፣ ከሰው አልገጥም። ያገኘኝ ሁሉ በርታ ይለኛል። በርታ ሲሉኝ ይብስብኛል። ያን እሁድ ቀሲስ ቆሙ፣ ጀመሩ፣ ከዚያ ቃል ጠፋቸው። ቆዩ፣ ቆዩና «ልጆቼ፣ ዛሬ እኔም ደክሞኛል» ብለው ተቀመጡ። ሰው ተንሾካሾከ። እኔ ግን… እንዴት ልበልዎት፣ ስንት ሳምንት ቆሜ ከርሜ ወንበር ያቀረቡልኝ ያህል ነበር። ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ከፈትኩት።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምን ብዬ? አባቴ፣ እርስዎ ሲደክምዎት ደስ አለኝ ብዬ?»

ሱሪውንም ጠገነልኝ። አይጠገንም ያልኩት ሱሪ፣ ጉድ ነው፣ አምሮ ተመለሰልኝ።

ቁጥር ሦስት። እዚህ ላይ ራሴን አላታልልም። የእነዚያን ባልና ሚስት የፍቺ ማመልከቻ የተየብኩት እኔ ነኝ። ምናሴ በእግሩ እየተመላለሰ ሁለት ዓመት ያቆየውን እኔ በአንድ ጠዋት በሦስት ኮፒ አወጣሁት። ሴትየዋን ዛሬ መንገድ ላይ አግኝቼ ስለ እሱ ብጠይቃት «ደክሞልናል፣ አልሆነም» አለችና አለፈች። አልሆነም። ሁሉም ነገር አይሆንም። ግን የእሱ ጥፋት ከሆነ የእኔም ጣት አለበት፤ አሥሩም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ምናሴ ረፋዱ ላይ መጣ፣ ጥምጥሙ ላይ ፌስታል አጥልቆ። እንዲህ ሆኖ ከተማ አቋርጧል! ጃንጥላ ስለሌለው መሆኑን እንዲያውቀው አደረግሁ።

ስለ ቁጥር አራት ጠየቅሁት። መናገር የማይፈቀድ ከሆነ ይቅር አልኩት። «ይሄ የንስሐ ምስጢር አይደለም» አለ። «በአደባባይ ያደረግሁት ነው።»

መኮንን ይባላል፣ የታክሲ ሹፌር። ስሙን ሲጠራልኝ አስታወስኩት፤ በመኪናው ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ስም ሳንለዋወጥ። ክፉኛ ይጠጣ ነበር። ምናሴ ይዞት ሰባት ወር ተወ። በየማለዳው ሥራ ሳይጀምር መኪናውን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቁሞ ይገባና «አባቴ፣ ዛሬም ደህና ነኝ» ብሎ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወደቀ። በንግሥ ቀን፣ ሕዝብ በሞላበት ግቢ፣ ሰክሮ መጣና የምናሴን ቀሚስ ያዘ።

«ደክሞኝ ነበር ጋሼ። ሰው ሁሉ ያየኛል። አፈርኩ። «ካልተውክ እንዳትመጣብኝ» አልኩት። «እሺ አባቴ» አለና ሄደ። ጮኾብኝ ቢሆን፣ ሰድቦኝ ቢሆን! እሺ ነው ያለኝ። ይኸው ከፋሲካ ወዲህ የለም። ቤቱ እሄዳለሁ፣ ቁልፍ ነው።»

እኔ ደምሴ ሳልቀልድ ፌስታሉን ተቀብዬ አራገፍኩለት። ይጻፍ፤ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም።

እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ረሳው። የሰው ደብተር አይነበብም። አነበብኩት። የነፍስ ልጆቹ የክርስትና ስም ነው፣ ቤተሰብ በቤተሰብ፤ ጠዋት ጠዋት እየጠራ የሚጸልይበት። ገጹ ዳር ዳሩ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ጀሞ የሄዱት አሉ፣ የተፋቱት ሁለቱም ጎን ለጎን አሉ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ድምፃቸውን ሰምቶ የማያውቃቸውም አሉ። አንድም የተሰረዘ ስም የለም። ወልደ ሚካኤል፣ ማለትም እኔ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነኝ፤ በየቀኑ ከሁሉ በፊት እጠራለሁ ማለት ነው። እኔ ደግሞ በየቀኑ ጃንጥላዬን እጠይቀዋለሁ።

ሲሄድ ጫማውን አየሁት። ተረከዙ በአንድ ጎን አልቆ እግሩን አጣሞታል።

ከሰዓት ታክሲ ተራ ሄድኩ። ተራ አስከባሪው «መኮንን? ታክሲውን ትቷል። ከጭነት መኪና ጋር ክፍለ ሀገር ይወጣል ይባላል፤ መቼ እንደሚመለስ እንጃ» አለኝ። ቁጥር አራትን ማግኘት አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ለምናሴ ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኩት። ስለ ቆጣሪው ስነግረው ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ስለ ግርማ ስነግረው አላመነኝም፤ ሱሪውን አሳየሁት። እትዬ በላይነሽ ጋ ስደርስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አሜን ይሉ ነበር?»

«ቀስ ብለው።»

«ውሃ ብቻ ነው ያለኝ አሉ?»

«እንዲያውም እንዳይረሳ አደራ ብለውኛል።»

እኔ ልቤ ሞቆ፣ ያሸነፍኩ መስሎኝ፣ እንደ ጠበቃ ተነሳሁ። «ስማኝ ምናሴ። አንተ የምታየው የበሩን ውጭ ብቻ ነው። ውስጡን ማን አሳየህ? ሰባኪ የተናገረውን እንጂ ሰው ይዞ የሄደውን አያይም። እኔ እንኳን በስንት ዓመት አንድ ሰው ማመልከቻህ ጠቀመኝ ብሎ ተመልሶ ነግሮኝ አያውቅም፤ የሚመለሱት የተፈረደባቸው ናቸው!»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለ። «እርስዎ ሦስት ቀን በእኔ ምክንያት መዞርዎ ራሱ… ግን አራተኛው ብቻውን ይበቃል። ያን ሰው ያባረረ አፍ ነገ ምን ብሎ ያስተምራል? ይጻፉልኝ። ነገ ከሰዓት መጥቼ እፈርማለሁ።»

ቀጠሮ አለቀብኝ።

በሩ ላይ ሲደርስ ጠራሁት። «አምስተኛውን ሰርዝልኝ።»

«ለምን?»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። መጋዘን ከመግባትህ በፊት ልድረስብህ ብዬ ነው።»

ሊስቅ ነበር። ፊቴን አየና ተወው።

እሁድ፣ ሐምሌ 27

መድኃኔዓለም ነው። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ጥግ ዛፍ ሥር ቆምን። ጥምጥሙን አስሯል፤ እርስዎ አልኩት፣ ዛሬ ያለ ፌዝ። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፍም። የሰማበትን መንገድ ግን ልጻፍ። አንገቱን ደፍቶ ነው የሰማኝ። አልቸኮለም፣ አልተገረመም፣ ያ በጉልበቴ ላይ ይዘል የነበረ ልጅ አልነበረም። ስንት ዓመት ተሸክሜ ላወርደው የፈራሁትን ተቀብሎኝ መሬት ላይ ያስቀመጠው ያህል ቀለለኝ። እኔ በሰው ጉዳይ ስሰማ የኖርኩ ነኝ፤ እንዲህ የሚሰማ ሰው አላየሁም። አለመቻሉ ይህ ከሆነ የሚችሉት ምን ሊመስሉ ነው!

ቀኖናዬ፦ ጸሎትና ስግደት፤ በተጨማሪም ሰባት ቀን በሰው እንዳልቀልድ።

«ስግደቱን ዕጥፍ አድርገው ይሄን ቢተዉልኝስ?» አልኩት።

«አንድ ተቆጠረ» አለኝ።

ከሰዓት። ማመልከቻውን ጻፍኩት። ቃሌ ቃል ነው። ሦስት ጊዜ ተይቤ ሁለቱን ቀደድኩ፤ የእሱ ስም ያለበት ወረቀት ላይ ስርዝ አልፈልግም። በሕይወቴ እንዲህ የጠላሁትን ነገር እንዲህ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም።

አሁን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ያነበዋል። ላላየው ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ቀለም የጨረሰውን ሰጠሁት። ቀልድ አይደለም፤ ቀድሞ እጄ የገባው እሱ ነው። ሞከረ፣ አየኝ፣ ከገዛ ኪሱ ሌላ አወጣ።

በር ተንኳኳ። ማን ይሆን በዚህ ዝናብ? ልክፈት።

ተመልሼ ይህችን ብቻ ልጻፍ፣ እንዳትጠፋኝ።

በሩ ላይ የቆመው ሰው ከራሱ እስከ ጫማው ይንጠባጠባል። ብብቱ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ጃንጥላዬ።

«ጋሽ ደምሴ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? እጀታው ላይ ተጽፎ አይቼ ነው።»

«ሰውዬ፣ ጃንጥላ ይዘህ እንዲህ ትበሰብሳለህ?»

«የሰው ነው» አለ። «ትናንት ከመንገድ ስገባ በሬ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ጎረቤቶቼን ብጠይቅ፣ ቄስ መጥተው ብዙ ቆመው፣ በዝናብ ሄዱ አሉኝ። እኔ ጋ የሚመጣ ቄስ አንድ ብቻ ነው።»

ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ግን አወቅሁት። ከኋላዬ ወንበር ተገፋ። ምናሴ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆሟል። መኮንን አየውና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ፤ ወደ ዝናቡ።

«አባቴ» አለ። «አልተውኩም። ግን መጣሁ።»

ምናሴ አልሰበከም። ሄዶ እጁን ያዘውና «ግባ» አለው። «ይቅር በለኝ። ግባ፣ ዝናብ ነው።»

አሁን ሁለቱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል። መኮንን የኔን ጋቢ ለብሷል። የሚሉትን አልሰማም፤ ለመስማት ሞክሬያለሁ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ነገ ሰኞ ነው። ምናሴ ምን እንደሚያደርግ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እስክሪብቶው መሬት ወድቋል፤ ማንም አላነሳውም።

ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የጽሕፈት መኪናው አለ፣ ጃንጥላው አለ፣ የምናሴ ደብተር አለ። አንዱን ብርጭቆ ለመኮንን በእጁ ሰጠሁት። የምናሴን ብርጭቆ ማመልከቻው ላይ አስቀመጥኩት፤ ልክ ፊርማው በሚያርፍበት። ቀልድ አይደለም። ሌላ ቦታ አልነበረም።